ደረጃው የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

የምንኖርበት ከተማ ስሙ ቀን ነው። ግብፃውያን መስከረም 26 ቀን 1966 ዓ.ም. በሲና ግንባር ጦርነት የጀመሩበትን ዕለት እንዲያስብ፣ በፕሬዚዳንት ሳዳት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በዚህ በረሃ ላይ ሲቈረቈር «6ኛ ኦክቶበር» ተባለ። ዘመነ ዮሐንስ ካልሆነ በቀር ይህ ቀን በእኛ አቈጣጠር መስከረም 26 ላይ ይውላል። መስከረም 26 ደግሞ ወርኃ ጽጌ የሚገባበት፣ እመቤታችን ልጇን አዝላ ወደዚሁ ወደ ግብፅ መሰደዷን ማሰብ የምንጀምርበት ዕለት ነው። እኔ ይህን ያስተዋልኩት እዚህ ብዙ ዓመት ከኖርኩ በኋላ ነው። እነርሱ የጦርነት ቀን ብለው የሰየሙት ከተማ ለእኛ የስደቷ መጀመሪያ ቀን ሆኖ ቈየን።

ዛሬ ግን የምነግራችሁ ስለ ጽጌው ማኅሌት አይደለም። ስለ ደረጃ ነው። አዎ፣ በየቀኑ ስለምትወጡትና ስለምትወርዱት የሕንጻ ደረጃ።

ባለፈው ጊዜ ከምንኖርባቸው የመንግሥት ሕንጻዎች በአንዱ እሳት ተነሥቶ እንደነበር አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። የሰማችሁት ግን በየስልኩ የዞረውን ነው፤ ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው ልንገራችሁ። ያደረገው ልጅ የእኛው ልጅ ነው። አሁን በመካከላችሁ ተቀምጧል። ስሜን አትጥሩ እንጂ ነገሩን ተናገሩ ብሎ ራሱ ፈቅዶልኛል፤ በንስሐ የነገረኝን ሳይሆን ሰፈር ሁሉ ያየውን ነው የምናገረው።

ልጁ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ሻቃ ተከራይቶ ይኖር ነበር። መኪና እያጠበ፣ ሌሊት ሌሊት ዕቃ እያወረደ፣ አራቱ አዋጥተው ለሲምሳሩ የሁለት ወር ተእሚን ከፈሉ። ውል አልጻፉም። ሲምሳሩ አንድ ቀን መጥቶ ቤቱ ለሌላ ሰው ተከራይቷል፣ ውጡ አላቸው። ገንዘባችንስ ሲሉት ሳቀባቸው። ለማን ይናገሩ? ወረቀት የለ፣ ቋንቋው ገና አልገባ፣ አንዱ ቢጫ ካርዱ ጊዜው አልፎበታል። የዚያን ዕለት ማታ ልጁ ወረደና የመብራት ቈጣሪውን ሳጥን በብረት ሰባበረው። ከዚያም ደረጃው ሥር ተጥሎ የነበረ አሮጌ ፍራሽ ላይ ክብሪት ጫረ። «ይማሩ ብዬ ነው» አለኝ በኋላ። ማን ይማር? ብዬ ስጠይቀው ዝም አለ።

ስፖንጅ ሲነድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ነበልባሉ ያን ያህል አይደለም። ጭሱ ነው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ የሚመርር ጭስ በደረጃው እንደ ጭስ ማውጫ ሽቅብ ወጣ። አምስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት የእኛ እኅት አራስ ነበረች። ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልላ ወደ ጣሪያ ወጣች፤ መውረጃ አልነበራትምና። እግዚአብሔር ጠብቋት ጎረቤቶች በእርጥብ ብርድ ልብስ አድርገው አወረዷት። ማንም አልሞተም። ይህን ስናገር አሁንም እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ማንም ባለመሞቱ ነው ዛሬ ስብከት የሆነው። ያለዚያ ፍትሐት ነበር።

አሁን የጠፋውን ቊጠሩልኝ። የቈጣሪው ገመድ ነደደ፤ የውኃው ሞተር ቆመ። ሕንጻው ሁሉ 11 ቀን ውኃ በጀሪካን ሲቀዳ ሰነበተ። የአንደኛ ፎቅዋ ግብፃዊት እናት በራቸው ከነመዝጊያው ከሰለ። እኚህ እናት እኮ ልጆቹ ገና የመጡ ሰሞን ፍራሽ የሰጧቸው ሴት ናቸው! ምናልባትም ያ የነደደው ፍራሽ የእርሳቸው ይሆናል፤ ይህን መጠየቅ አልደፈርኩም። በዚያው ኮሪደር ሦስት የሐበሻ ቤተሰቦች ይኖሩ ነበር፤ ከነገሩ ምንም ንክኪ የላቸውም፤ በማግሥቱ ውጡ ተባሉ። አከራዮቹ «ሐበሻ አናስገባም» ማለት ጀመሩ፤ ቤት ፍለጋ የሄዳችሁ ይህን በሩ ላይ ሰምታችኋል። ሲምሳሩስ? እርሱ የሚኖረው ሌላ ሰፈር ነው። አንዲት ክር አልነደደበትም።

ልጆቼ፣ እሳት የበደለንን ሰው አድራሻ አያውቅም።

በዘጸአት ምዕራፍ 22 ቊጥር 6 ላይ አንድ አጭር ሕግ አለ። ሰው እሳት ለኵሶ እሳቱ እሾኹን ይዞ የሌላውን ክምር ወይም ያልታጨደ እህል ቢበላ፣ ያነደደው ሰው ይክፈል ይላል። ሕጉ ስለ እሾኹ የሚለው ነገር ያስገርመኛል። ሰውየው ያነደደው የራሱን እሾኽ ሊሆን ይችላል። የሌላውን እህል ላቃጥል ብሎ ላይነሣ ይችላል። ነገር ግን እሳቱን የጫረ እርሱ ስለሆነ እሳቱ የደረሰበት ሁሉ ዕዳው ነው። «እዚያ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም» የሚል መልስ ለሙሴ ሕግ አልሠራም። የእኛም ልጅ ያለኝ ይህንኑ ነው፤ «አባ፣ ፍራሹን ብቻ ነበር ያሰብኩት»።

ሌላም ታሪክ አለ፤ ይህን ደግሞ ወጣቶች ልብ በሉት። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 14 አቤሴሎም ከስደት ተመልሶ ኢየሩሳሌም ከገባ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ የአባቱን ፊት አላየም። አማልደኝ ብሎ ወደ ኢዮአብ ላከ፤ ኢዮአብ አልመጣም። ሁለተኛ ላከ፤ አሁንም አልመጣም። ያን ጊዜ አገልጋዮቹን ጠርቶ የኢዮአብን የገብስ እርሻ በእሳት አቃጥሉ አላቸው። አቃጠሉት። ኢዮአብም እየሮጠ መጣ!

ይህ ታሪክ የሚያስፈራው ስለሠራ ነው። አቤሴሎም ያሰበውን አገኘ፤ ኢዮአብ መጣ፣ አባቱም ተቀበለው፣ ሳመው። ዛሬም በየሀገሩ ያለ የተቈጣ ሰው የሚለው ይህንኑ ነው፦ «ካላቃጠልን አይሰሙንም።» አንዳንዴም እውነቱን ነው፤ ሲያቃጥሉ ይሰማሉ። እኔ ይህን አልክድም፤ ስብከት እውነቱን ሲሸሽግ አያምርም። ነገር ግን አቤሴሎም ከዚያ ቀን ምን ተማረ? እሳት መልእክተኛ መሆኑን ተማረ። ምዕራፉን ገልጣችሁ ብትቀጥሉ በቀጣዩ ምዕራፍ በአባቱ ላይ ሲነሣ ታገኙታላችሁ፤ በምዕራፍ 18 ደግሞ በዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ሦስት ጦር ልቡ ላይ የሚሰካበት ሰው ያው ገብሱ የነደደበት ኢዮአብ ነው። ስለ ገብሱ ነው አልልም፤ መጽሐፉ አላለም። ግን መጽሐፉ ስለ ሌላም ነገር ዝም ብሏል። ያንን ገብስ የዘራው ማን ነበር? ያረመው፣ ሊያጭደው የጠበቀው፣ ከመከሩ ድርሻውን አገኛለሁ ያለው አራሽ ማን ነበር? ኢዮአብ የጦር አለቃ ነው፤ ገብስ ቢነድበት አይራብም።

ወደ ሕንጻችን እንመለስ። እነዚህ ቤቶች የማን ናቸው? «የመንግሥት ናቸው» እንላለን፤ የመንግሥት የሆነ ነገር ደግሞ የማንም አይመስለንም። በእኛም ሀገር ይህ ልማድ አለ። የቀበሌ ቤት ጣሪያው ሲያፈስስ «የመንግሥት ነው፣ መንግሥት ይጠግነው»፤ የኮንዶሚኒየሙ አምፖል ሲሰረቅ፣ የፍሳሹ ክዳን ተነቅሎ ሲሸጥ፣ «የጋራ ነው»። የጋራ ማለት የሁላችን ማለት መሆኑ ቀርቶ የማንም አይደለም ማለት ሆኖብናል።

በዚህ ከተማ መሳኪን ዑስማን የሚባለውን ሰፈር ታውቁታላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ እዚያ ኖራችኋል፣ ከሱዳኖችና ከሶማሌዎች ጋር ግድግዳ ተጋርታችኋል። እዚያ ያሉትን ግብፃውያን ከየት መጣችሁ ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ጳጉሜን 1 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ እኛ የሚሌኒየሙን ዓመት ልንጨርስ አምስት ቀን ሲቀረን፣ በካይሮ ምሥራቅ ሙቀጠም ተራራ ሥር ባለችው በዱወይቃ ሰፈር ላይ ትልልቅ ቋጥኞች ተናዱ። ጠዋት ነበር፤ ወሩም የሙስሊሞቹ የጾም ወር ነበር። ከመቶ በላይ ሰው በየቤቱ እንዳለ ተቀበረ። ሙቀጠምን እኛ የምናውቀው በስምዖን ጫማ ሰፊው እምነት በተነቀለው ተራራ ነው፤ እነርሱ ግን በላያቸው በወደቀው ያውቁታል። ከዚያ ሰፈርና ከሌሎች የድሆች ሰፈሮች ከተነሡት ሰዎች ብዙዎቹ ወደዚህ በረሃ መጥተው ቤት ተሰጣቸው። ከሥራቸው የራቀ፣ ገበያ የሌለው፣ ማይክሮባስ እንኳ ሲመሽ የማይገባበት ቦታ ነው። አንዳንዱ አልሆነለትም፤ ቤቱን አከራይቶ ወደ ካይሮ ተመለሰ። ያከራየው ለእኛ ነው።

እንግዲህ «የመንግሥት» የምንለው ግድግዳ ድንጋይ ቤቱን የቀበረበት ሰው ምትክ ሆኖ የተሰጠው ግድግዳ ነው። ያቺ በራቸው የከሰለባቸው እናትም ስደተኛ ናቸው፤ ስደታቸው በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል መሆኑ ብቻ ነው ከእኛ የሚለያቸው።

የሀገራችንን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ቍስሉ አልደረቀም፤ በዚህ ጉባኤ ውስጥም ከየወገኑ የመጣ ሰው አለ፤ ስለዚህ ማን አቃጠለ ወደሚለው አልገባም። ያ የፍርድ ቤትና የእግዚአብሔር ነው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ ተገደለ፤ በማግሥቱ ሻሸመኔ ነደደች። መኖሪያ ቤት፣ ሱቅ፣ ሆቴል፣ ትምህርት ቤት ነደደ። አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በዚያ የሠራው ሆቴልም ተቃጠለ፤ በባቱ ያለውም እንዲሁ። ሰው «የሀብታም ነው» ይል ይሆናል። የሆቴል ሀብታሙ አንድ ነው፤ አንሶላ አጣቢዋ፣ አስተናጋጁ፣ ጥበቃው፣ ጎመን የምታቀርብለት ገበሬ ብዙ ናቸው። ከዚህ እኛ ጋር ካሉት እኅቶች አንዲቱ ከዚያች ከተማ ናት። በተቃጠለ ሱቅ ውስጥ ተቀጣሪ ነበረች። እሳቱ ባይኖር ኖሮ ዛሬ በሰው ሀገር ወለል አትጠርግም ነበር ብዬ አስባለሁ፤ እርሷም እንደዚያ ትላለች።

በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ደግሞ አጣዬ ነደደች። በሰሜን ሸዋ ያለችውን ከተማ ነው የምላችሁ። ከዚያ በፊትም ተነክታ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ከተማ ሆና ነደደች ማለት ይቻላል። ሕዝቡ ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደደ፤ በመጠለያ ተቀመጠ። ቤቱ የነደደበት ሰው የሚያጣው ጣሪያ ብቻ አይደለም፤ ካርታውን፣ የልጁን የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ የሟች አባቱን ፎቶግራፍ፣ የዕድር ደብተሩን ያጣል። ይህን ማን ይክፈለው? በየትኛው ገንዘብ?

ከመካከላችሁ ለእናቷ ኮንዶሚኒየም የምትቈጥብ አለች። በ1997 ዓ.ም. ተመዝግቦ ዕጣ ሲጠብቅ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ብዙ ነው። ሃያ በመቶውን አስቀድሞ፣ ሰማንያ በመቶውን ከባንክ ተበድሮ ለዓመታት የሚከፈል ቤት ነው። ያ ሃያ በመቶ ከየት መጣ? ከቤይሩት፣ ከጅዳ፣ ከዚህ ከኦክቶበር የመጣ የሴት ልጅ ጉልበት አለበት። ዕጣው ወጥቶ ቤተሰቡ ቊልፍ ሊቀበል ሲሄድ ሽቦው ከግድግዳ ተመዝዞ፣ ቧንቧው ተነቅሎ ያገኘው አለ። ያንን ሽቦ በኪሎ የሸጠው ሰው ለአንድ ሳምንት ምሳ አገኘ ይሆናል። የወሰደው ግን የአንዲት ልጅ የስድስት ወር እንቅልፍ ነው።

አሁን ደግሞ ለሌላው ወገን አንድ ቃል። ቤትን የሚያቃጥለው ክብሪት ብቻ አይደለም፤ ቸልታም ያቃጥላል። ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ግሬንፌል የተባለው ባለ 24 ፎቅ የመንግሥት መኖሪያ ሕንጻ ሌሊት ነደደ፤ 72 ሰዎች አለቁ፣ ከእነርሱም የሐበሻ ልጆች ነበሩ። እሳቱ የተነሣው ከአንድ ማቀዝቀዣ ነው። ሕንጻውን ከታች እስከ ላይ ያነደደው ግን ለውበት ተብሎ በውጭው ግድግዳ ላይ የተለበጠው የሚቀጣጠል ነገር ነው። መርማሪዎቹ ከዓመታት በኋላ የደረሱበት መደምደሚያ ሞቱ ሁሉ ሊቀር ይችል ነበር የሚል ነው። ነዋሪዎቹ አስቀድመው ጮኸው ነበር፤ የድሃ ጩኸት ስለሆነ ግን ሰሚ አላገኘም። ስለዚህ አከራይ የሆናችሁ፣ በአንድ ክፍል ስድስትና ሰባት እኅቶች አስተኝታችሁ አልጋ የምታከራዩ የእኛው ሰዎችም ስሙኝ፤ የጣሪያውን በር ቈልፋችሁ ቊልፉን ኪሳችሁ አትክተቱ።

እዚሁ ጊዛ ውስጥ፣ ኢምባባ፣ የአቡ ሰይፈይን ቤተ ክርስቲያን፣ የሰማዕቱ የቅዱስ መርቆሬዎስ ማለት ነው፣ ነሐሴ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. በፍልሰታ እሑድ በቅዳሴ ሰዓት በኤሌክትሪክ ምክንያት ነደደች። 41 ነፍስ አለፈ፤ ከእነርሱም ሕፃናት ነበሩ። የመኖሪያ ሕንጻ የሚመስል፣ ጠባብ ደረጃ ያለው ቤት ነበር። አብዛኛውን የገደለው ጭሱና በደረጃው ላይ የነበረው መረጋገጥ ነው። ያን ሰሞን ከኮፕት ወንድሞቻችን ጋር ለቅሶ የደረስን እናስታውሳለን። ጭስ በደረጃ ሲወጣ ምን እንደሚያደርግ ከዚህ ከተማ ሰው በላይ ማን ያውቃል? ያንን ፍራሽ የለኰሰው ልጅ ይህን ሲሰማ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ልወቅሰው አይደለም የነገርኩት፤ እናንተም እንድታውቁት ነው።

ያው ነሐሴ 8 ቀን ዘጠኝ ዓመት ወደ ኋላ ስንመለስ፣ በ2005 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ በሚንያ፣ በአስዩት፣ በፋዩምና በሌላም ቦታ በአሥሮች የሚቈጠሩ የኮፕት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ የክርስቲያን ቤትና ሱቅም እንዲሁ። ኮፕቶቹ በጥላሸቱ መካከል ቆመው ቀደሱ፤ መስጊድ ሊያቃጥሉ አልወጡም። አባቶቻቸው ያን ቀን ያዘዙት ትዕግሥት ለብዙ ሰው ድካም መስሎት ነበር። እኔ እዚህ እየኖርኩ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ያኔ አንድ መስጊድ ነዶ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ እኛ ሐበሾቹ በእንግድነት የምንቀድስበት ቤት ይቆም ነበር ወይ? እንጃ።

ሶምሶንን አስቡት። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 15 ሚስቱን ለሌላ ሰጡበት፤ በደሉ እውነተኛ በደል ነው። 300 ቀበሮ ይዞ፣ በጅራታቸው መካከል ችቦ አስሮ በፍልስጥኤማውያን እህል ውስጥ ለቀቃቸው። ነዶው፣ ያልታጨደው፣ የወይራው ዛፍ ሁሉ ነደደ። ፍልስጥኤማውያን ማን አደረገው ብለው ጠየቁ፤ ከዚያ ሄደው ያቃጠሉት ሶምሶንን አይደለም። ሚስቱንና አባትዋን ነው። ስለ እርሷ ብሎ ያነደደው እሳት ዞሮ እርሷን በላት።

«ታዲያ ምን እናድርግ? ዝም ብለን እንገፋ?» ትሉኛላችሁ። አልልም። የሲምሳሩ በደል በደል ነው፤ የድሃ ደመወዝና የድሃ ተእሚን ወደ ጸባኦት ይጮኻል። ነገር ግን ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 29 ወደ ባቢሎን ለተማረኩት የላከውን ደብዳቤ አንብቡ። ያችን የማረከቻቸውን ከተማ ሰላሟን ፈልጉ፣ ስለ እርሷም ጸልዩ፣ በእርሷ ሰላም ውስጥ የእናንተ ሰላም አለና ነው የሚላቸው። ስለ ወደዷት አይደለም። ጣሪያዋ ጣሪያቸው ስለሆነ ነው። ኤርምያስ ራሱ በኋላ ሳይወድድ ወደ ግብፅ ተወስዷል፤ በምዕራፍ 44 ከጠራቸው የስደተኞች ከተሞች አንዷ ሜምፎስ ናት፤ ፍርስራሿ ዛሬ ሚት ራሂና በምትባለው መንደር፣ በእኛው በጊዛ ግዛት ውስጥ ይገኛል። በዚህ አካባቢ የሰው ቤት ተከራይተን ስንኖር የመጀመሪያዎቹ አይደለንም።

ስለዚህ ውል ሳትጽፉ ተእሚን አትስጡ፤ አረብኛ የሚያነብ ሰው ከሰበካ ጉባኤው እንመድባለን፣ ጥሩን። የተበደለ ሰው ማታውኑ ይደውልልን፤ ብቻውን እንዲያድር አንተወው። ልጁ እኮ ያን ቀን ሦስት ሰው ጋ ደውሎ ነበር፤ ከሦስቱ አንዱ እኔ ነበርኩ። ስልኬ ተዘግቶ ነበር። ይህን ስነግራችሁ ለትሕትና አይደለም፤ በዚያ ፍራሽ ላይ የእኔም ክብሪት አለበት ብዬ ስለማምን ነው።

ሌላም ትንንሽ ነገር አለ። ከሰው ቈጣሪ ሽቦ ስበን መብራት የምንቀጥል፣ በግድግዳ ላይ በምስማር ስማችንን የምንጽፍ፣ ልጆቻችን የአሳንሰሩን ቊልፍ ሲሰብሩ የምንስቅ፣ አንቡባውን ደረጃ ላይ የምናስቀምጥ። ይህን ሁሉ «ምን ችግር አለው» እያልን ነው የምናደርገው። ንስሐ ሊገባበት የሚገባ ነገር ነው፤ እኔ በበኩሌ ከእንግዲህ እጠይቃለሁ።

ልጁ ምን አደረገ? ዘኬዎስ ከዛፉ ወርዶ የበደልኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል ጌታችን መዳን ዛሬ ለዚህ ቤት ሆነ ብሎ መሰከረለት። የእኛ ልጅ አራት እጥፍ የለውም። ከእኔና ከአንድ አናጢ ወንድማችን ጋር ሆኖ ወደ እኚያ እናት ሄደ። አንገቱን ደፍቶ ቆመ። በሩን ለመግጠም ሁለት ቀን ፈጀ፤ እርሱ ራሱ እንጨቱን ተሸክሞ አመጣ። የሕንጻው ሽማግሌዎችና ባዋቡ ተሰብስበው ዕዳውን በየወሩ እንዲከፍል ተስማሙ፣ ክሱንም ተዉለት። ይህ የእነርሱ ምሕረት ነው እንጂ መብታችን አይደለም፤ ሌላ ሰው እኔም ይማሩኛል ብሎ እንዳይዘናጋ። ሕንጻ ማቃጠል በየትኛውም ሀገር ሕግ ከባድ ወንጀል ነው።

እኚያ እናት ምን እንዳሉት ልንገራችሁ። በሩ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ሻይ አፈሉልን። ልጁ ለመጠጣት አፈረ። «ጠጣ፤ እኔም የሰው ቤት ነው የምኖረው» አሉት። ባዋቡ ነው የተረጐመልን፤ እኔ መጀመሪያ የሰማሁት የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር። ቤቱ በስማቸው ነው፤ ወረቀት አላቸው።

ከተባረሩት ሦስት ቤተሰቦች ሁለቱ እስካሁን በዘመድ ቤት ናቸው። ባለቤቱን ለማነጋገር ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሁለተኛው ላይ እስቲ ደረጃውን ልየው ብሎኛል። ደረጃው ግን እንደ ጠቈረ ነው።

ነህምያ ወደ ኢየሩሳሌም በመጣ ጊዜ በመጀመሪያ ያደረገው በሌሊት ተነሥቶ በእሳት የነደዱትን በሮች እየዞረ ማየት ነበር፤ ለማንም ሳይናገር። ቀጥሎ እያንዳንዱ ሰው በቤቱ አንጻር ያለውን ቅጥር እንዲሠራ አደረገ። እኛም በቤታችን አንጻር ያለው ደረጃ ነው። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ፣ የሕንጻው ሽማግሌዎች ፈቅደውልናል፣ ከምድር እስከ አምስተኛ ፎቅ ጥላሸቱን ጠርገን ኖራ እንቀባለን። ሴቶች ማኅበር ምሳ ያዘጋጃሉ፤ የሕንጻው ሰዎችም አብረው ይበላሉና የጾም ይሁን፣ ለሁሉም ይበቃ ዘንድ በርከት ይበል። ልጁ ከማለዳው ጀምሮ እዚያ ይገኛል። አራሷም ልጇን ይዛ እመጣለሁ ብላለች። መሰላል አግኝተናል፤ ሁለት ረጃጅም ብሩሽና የእጅ ጓንት ይጎድለናል፤ ያለው ሰው ዛሬውኑ ለዲያቆኑ ይንገር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።